ዘይት የጠጣው በር

ሰኞ ጠዋት መምህሩ ከአልጋው ሳይወርድ ጆሮውን ጣል ቢያደርግ ቤቱ ድምፅ አጥቷል። ዓመት ሙሉ ቀንና ሌሊት ጠብ ጠብ ሲል የኖረው የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ዝም ብሏል። ባለቤቱ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ እንደ ታመመ ሰው የሚያቃስተው የሳሎኑ በርም አልተሰማም፤ መመለሷን ያወቀው የዳቦውን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ነው። ተነሥቶ ፎጣ ሊያወጣ ሲል የቁም ሳጥኑ መሳቢያ ሳይታገለው ተሳበለት። ይህን ሁሉ የሠራው የእህቱ ልጅ ነበር። እሑድን ሙሉ፣ ማንም ሳያዘው፣ ካቻቢቴና የዘይት ቆርቆሮ ይዞ ከክፍል ክፍል ሲዞር ዋለ። የቧንቧውን ላስቲክ ቀየረ፤ የበሩን ማጠፊያዎች ነቅሎ ዝገታቸውን ፍቆ ዘይት አጠጣቸው፤ የካውያውን የተላጠ ገመድ ቆርጦ ቀጠለ፤ መሳቢያውን በሻማ አሸ። ሲመሽ መሣሪያዎቹን በጨርቅ ጠርጎ በየቦታቸው መለሰና እጁን ለረጅም ጊዜ ታጠበ።

«ስንት ጊዜ ለምኜ ያልሠራህልኝን በአንድ ቀን ጨረሰው» አለች ባለቤቱ ሻይ እየቀዳች።

«ሙያ እየገባው ነው።»

«የቧንቧ ሠራተኛው የጠራውን ዋጋ ታስታውሳለህ? በዚህ ዋጋማ ቧንቧ የሚሠራ ባል ይገኛል ብዬህ ነበር።»

«እንግዲህ ተረፍኩ።»

አልሳቀችም። የስኳሩን ዕቃ ከድና ከፍታ እንደ ገና ከደነችው። «እኔ አንተን ብሆን እጠይቀው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ልጁ ቤት የሚለቅ ነው የሚመስለው። እኔ የእናቴን ቤት ትቼ የወጣሁ ዕለት ነው እንዲህ ሁሉን ያሰናዳሁት።»

መምህሩ ዳቦውን ቆረሰ። ባለቤቱ የምትለውን ነገር ሁሉ ከሥጋት የምትጀምር ሴት መሆኗን ያውቃል፤ ይልቁንም ልጁን በተመለከተ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ሊኖር እንደማይችል በልቡ ወስኗል። ልጁ የአንዲት እህቱ አንድ ልጅ ነው። እህቱ ባሏ ከሞተባት በኋላ፣ «አደራህን፤ ሙያ አስይዘህ ሰው አድርገው» ብላ በአውቶቡስ ስትልከው አፉ የማይዘጋ፣ የሹፌሩን ሕይወት ከነልጆቹ ስም አጥንቶ የሚወርድ ዓይነት ጎረምሳ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ባለቤቱ፣ «ሬዲዮኑን ሸጠን ይህን ልጅ መደርደሪያው ላይ ብናስቀምጠው ይበቃል» ትል ነበር። መምህሩ ከሚያስተምርበት ኮሌጅ ለልምምድ ሥራ መውጣት ከጀመረ ወዲህ ግን ወሬውን ቀነሰ፤ ቀጥሎም ሳቁን። ለልምምድ የሚወጣበትን ጋራዥ የመረጠለት መምህሩ ራሱ ነው። በከተማው ውስጥ ሲጋራ የማይጨስበት፣ ስድብ የማይሰማበት፣ የሚያረፍድ ሰው የማይቆይበት ጋራዥ እሱ ብቻ ስለ ነበር መረጠው። የጋራዡ አለቃ፣ ፎርማኑ፣ ጠዋት ጠዋት ተለማማጆቹን አሰልፎ ጥፍራቸውን ያያል ሲባል መምህሩ፣ «እንዲህ ያለ ሰው ነው ለዚህ ትውልድ የጠፋው» ብሎ ነበር። የልጁንም ዝምታ የዚያ ሥርዓት ፍሬ አድርጎ ቆጠረው። ለእህቱ ስልክ በደወለ ቁጥር፣ «ረግቷል፤ ሰው ሆኗል» ይላታል። እሷም፣ «ተመስገን። ምነው ግን እኔን አያናግረኝም?» ትላለች።

ልጁ ለባብሶ ብቅ አለ። ጥፍሮቹ የመካኒክ አይመስሉም፤ ነጥተው ጠርተዋል። ሳይቀመጥ ሻዩን ፉት አለና በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር መምህሩ ሳህን አጠገብ አኖረ። መምህሩ ባለፈው ዓመት የሸለመው ካሊፐር ነበር፤ ብረት የሚለካበት፣ በልጅ የማይያዝ ጥሩ መሣሪያ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥልኝ። እዚያ ሰው ይበዛል፤ ይጠፋብኛል።»

«መልካም አሰብክ» አለ መምህሩ፤ በእርግጥም ደስ ብሎት ነበር። ጨርቁን ሳይፈታ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው አብረው ሄዱ። መንገዱ ላይ መምህሩ ስለ ዳቦው ማነስ፣ ስለ ታጠረው አዲስ ሕንፃ፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት ተናገረ። ልጁ «አዎ ጋሼ» እያለ ተከተለው። መምህሩ የባለቤቱን ቃል አስታውሶ፣ «ሥራ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ልጁም፣ «ደኅና ነው» አለ። ሁለት ዘመዶች ሊባባሉት የሚችሉት ነገር በዚያው አለቀ። አውቶቡሱ ሲመጣ መምህሩ ብቻውን ገባ፤ ልጁ የሚሳፈረው በሌላ መስመር ነው። በመስኮቱ ዞር ብሎ ሲያይ ልጁ እዚያው እንደ ቆመ፣ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ መልሶ ኪሱ ሲከተው አየው።

የማሠልጠኛ ኮሌጁ በዚያ ዓመት ሰላም አልነበረውም። ባለፈው መንፈቅ ከአናጺነት ክፍል ሁለት ተማሪዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተሰውረው፣ ቆይቶ አንደኛው ከድልድዩ ማዶ ባለ ሰፈር ሱቅ ሲያቃጥል ተያዘ። ወጣቶቹን የሚመለምሉት ሰዎች ስም የላቸውም፤ ሰው ሁሉ «ሰዎቹ» ነው የሚላቸው። ሥራ ያጣውን ሥራህን የወሰዱት ከድልድዩ ማዶ ያሉት ናቸው ይሉታል፤ የተናቀውን እኛ ዘንድ ትከበራለህ ይሉታል፤ ምሳ ያበሉታል፤ ወንድሜ ይሉታል። ከዚያ በኋላ ኮሌጁ አንዲት ወጣት አማካሪ ቀጥሮ፣ ከየክፍሉ አንድ መምህር ተማሪዎቹን በዓይን እንዲከታተልና በየሳምንቱ እንዲነግራት አደረገ። ከብረታ ብረት ክፍል የተመረጠው መምህሩ ነው። የተመረጠውም ማሽኖችን በሚያዳምጥበት ጆሮው የተነሣ ነው ይባላል።

ይህ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ወርክሾፑ ሲከፈት መምህሩ አንድ ረጅም ካቻቢቴ ይዞ ብረት በሚልጉት ቶርኖዎች ረድፍ ያልፋል። የካቻቢቴውን ጫፍ ከሚዞረው ዘንግ ሽፋን ላይ አሳርፎ እጀታውን ከጆሮው ሥር ይደግፋል፤ ዓይኑን ይጨፍናል። ዘንጉን የተሸከመው፣ በውስጡ የብረት ኳሶች የተደረደሩበት ኩሽኔታ የሚለውን በዚያ ይሰማል። በዚያ ጠዋትም አዲሶቹን ተማሪዎች ሰብስቦ በየዓመቱ የሚለውን አለ። «የሚንጫረር ኩሽኔታ እየጠራችሁ ነው፤ ቅባት ይፈልጋል ወይም ለውጥ ይፈልጋል። ሲጮኽ ከርሞ፣ ማንም ሳይነካው፣ በራሱ ጊዜ ዝም ካለ ግን ዳነ እንዳትሉ። ድምፅ ይሰጥ የነበረው ሻካራው ነው፤ እሱም ተፍቆ አልቋል። ማሽኑን አጥፉና ዘወር በሉ፤ የሚቀረው መሰበር ነው።» ቃሉ በአፉ ላይ ከመልመዱ የተነሣ እየተናገረ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ ይችል ነበር፤ በዚያ ጊዜ የሚያስበው ስለ አንድ ተማሪ ነበር።

ያን ተማሪ ጡሩምባ ይሉታል። ድምፁ ማሽን ሁሉ ተከፍቶ እንኳ ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። እሱና የእህቱ ልጅ በአንድ የብረት መያዣ ሞርሳ ላይ የሚሠሩ፣ አንዱ የጀመረውን ወሬ አንዱ የሚጨርስ ጓደኛሞች ነበሩ፤ ለልምምድም አንድ ጋራዥ ተመድበው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ፎርማኑ ጡሩምባን «ሥነ ሥርዓት የለውም» ብሎ መልሶ ወደ ኮሌጁ ላከው። መምህሩ ከትምህርቱ በኋላ ወደ ወርክሾፑ ጥግ ሲዞር ጡሩምባ የብየዳ መከላከያውን እንደ ባርኔጣ ወደ ኋላ ገፍቶ የመሣሪያ ሣጥን ላይ ቆሟል። ተማሪዎቹ ከብበውታል።

«ወንድሞቼ!» ይላል፣ የፎርማኑን ለስላሳ ድምፅ በአፍንጫው እያወጣ። «እጃችን ንጹሕ፣ ልባችን ንጹሕ! ከድልድዩ ማዶ ያሉት ሥራችሁን ሲወስዱ ቆማችሁ ታያላችሁ? ቀኑ ቀርቧል! ... ማነህ አንተ፣ ጥፍርህን አሳየኝ! ይህ ምንድን ነው? ግራሶ! በዚህ ጥፍር ነው ሕዝብ ነፃ የምታወጣው?»

ሳቁ ጣሪያውን ነካ። መምህሩ ጡሩምባን በክንዱ ይዞ አወረደው። «ይህ ንግግር እዚህ ግቢ ውስጥ እንደማይነገር አልሰማህም?»

«እየቀለድኩ ነው መምህር።»

«ቀልድም አፍ ያለማምዳል።»

«መምህር፣ ይህንን እኮ ከየት ሰማሁት? አይጠይቁኝም?» ጡሩምባ ድምፁን ሊቀንስ ሞከረ፤ አልቻለበትም። «ከጋራዡ በስተኋላ ክፍል አለ። ምሳ ሰዓት ሰዎቹ እዚያ ነው የሚሰበስቡን። እኔ ስለ ሳቅኩ ነው የተባረርኩት። የእህትዎ ልጅ ግን አልሳቀም። መምህር፣ እሱን...»

«አንተ ስትባረር እሱ ስለ ቀረ አበሳጨህ።»

«ወይ ፈጣሪ! በምን ልበሳጭ?»

«ድምፅህን ቀንስና ወደ ማሽንህ።»

ጡሩምባ ሄደ፤ ቢሄድም እስከ ምሳ ድረስ የሚጥለው ብረት ሁሉ ከልክ በላይ ይጮኽ ነበር።

የአማካሪዋ ክፍል ቀድሞ የዕቃ ግምጃ ቤት የነበረ፣ ቀለም እንደ ሸተተ የቀረ ጠባብ ክፍል ነው። ሁለት ወንበር፣ አንድ የተሰበረ ክንፍ ያለው ማራገቢያ፣ ግድግዳው ላይ የመደርደሪያ ምስማር ቀዳዳዎች አሉበት። አማካሪዋ መምህሩን በአክብሮት አስቀመጠችውና ሁልጊዜ የምትጠይቀውን ጠየቀች።

«የተለወጠ ሰው አለ ወይ መምህር? ጓደኛውን የተወ፣ መሳቅ ያቆመ፣ ዕቃውን ለሰው የሚሰጥ?»

መምህሩ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ነበር። በቆዳው ውስጥ የካሊፐሩን ቀጥ ያለ ጠርዝ በጣቶቹ ተሰማው። ጥቂት ጊዜ እጁን እዚያው አቆየ። ከዚያ ቦርሳውን ወለሉ ላይ አስቀመጠውና፣ «አንድ ልጅ አለ፤ ጡሩምባ የሚሉት» አለ። «የሰዎቹን ንግግር ቃል በቃል ያውቀዋል። ዛሬ ሣጥን ላይ ቆሞ ሲናገር ደርሼበታለሁ። ከልምምድ ሥራም ተባሯል።»

«እየቀለደ ነበር ወይስ ከልቡ?»

መምህሩ የሚያውቀውን እውነት ለመናገር አፉን ከፈተ፤ የተናገረው ግን፣ «እሱን እናንተ አጣሩ፤ እኔ የሰማሁትን ነው የምናገረው» የሚል ነበር። አባባሉ ሐሰት አልነበረበትም፤ ሐሰት እንዳይኖርበትም ተጠንቅቆበታል።

አማካሪዋ የጡሩምባን ስም ጽፋ፣ «የእህትዎ ልጅስ?» አለች። «ቀድሞ እዚህ ግቢ ሲገባ ከበሩ ጀምሮ ነበር የሚሰማው። አሁን አጠገቤ ቢያልፍም አላውቅም።»

«እሱ ቤቴ ነው የሚኖረው።»

«ስለዚህ እኮ ነው የምጠይቅዎ።»

«ልጄ፣ እኔ ልጅ አሳዳጊ እንጂ ልጅ ጠባቂ አይደለሁም። በእኔ ቤት ያደረ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አይገባም። ትናንት እሑድን ሙሉ ቤት ሲጠግን ነው የዋለው።»

«መልካም» አለች አማካሪዋ፣ ዓይኗን ሳታነሣ።

ከምሳ በኋላ ሁለት የጸጥታ ሰዎች ወደ ወርክሾፑ መጡ። ጡሩምባ ብረት እየላገ ነበር። ስሙ ሲጠራ ማሽኑን አጠፋ፤ የቱታውን ቁልፎች ፈታ፤ የተላገውን ብረት ከማሽኑ መንጋጋ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሁሉም አንድ ነገር እንዲናገር ጠበቁ፤ አንድም ቃል አልተነፈሰም። መምህሩ አጠገብ ሲደርስ ብቻ ቆም አለ፤ መምህሩ ከዚህ ልጅ ሰምቶ በማያውቀው ዝቅተኛ ድምፅ፣ «ዛሬ ነው መምህር። ሰኞ ነው ያሉት» አለው። ከዚያ በሁለቱ መካከል ሆኖ ወጣ።

መምህሩ የተላገውን ብረት አንሥቶ አየው። ጥሩ ሥራ ነበር። ሊለካው ብሎ ቦርሳውን ከፈተ፣ ጨርቁን ፈታ፤ ካሊፐሩ በጥንቃቄ ተጠርጎ፣ እንዳይዝግ ስስ ዘይት ተቀብቶ ነበር፤ ለብዙ ጊዜ የማይነካ ዕቃ እንደሚቀመጥበት አድርጎ። ብረቱን ሳይለካ አኖረው። ክፍሉን ለረዳቱ ትቶ፣ ኮቱን እንኳ ሳይወስድ፣ ታክሲ ያዘ።

ጋራዡ እንደሚወራለት ነበር። ወለሉ ታጥቧል፤ መፍቻዎቹ ግድግዳው ላይ በቅርጻቸው በተሳለ ጥላ ውስጥ ተሰቅለዋል፤ የተለማማጆቹ ቱታዎች በመስመር ተንጠልጥለዋል። ፎርማኑ ግራጫ ጋውን የለበሰ፣ የሚናገረውን የሚመጥን ሰው ነው። መምህሩን ተነሥቶ ተቀበለው፤ ወንበሩን በመዳፉ ጠርጎ አስቀመጠው፤ ሻይ አስመጣ። ሻዩ እስኪመጣ መምህሩ የፎርማኑ ዓይን ጥፍሮቹ ላይ እንዳረፈ ተሰማውና እጁን ሰበሰበ።

«ልጁን ፈልጌው ነበር።»

«ዛሬ እኮ አልመጣም። እኔ ደግሞ እርስዎ ዘንድ የቀረ መስሎኝ ነበር።» ፎርማኑ ራሱን በሐዘን ነቀነቀ። «ቀርቶ አያውቅም። እንደ እሱ ያለ ልጅ አልገጠመኝም መምህር፤ ጥሩ አድርገው ነው ያሳደጉት። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይነገረውም።»

«ከበስተኋላ ያለው ክፍል ምንድን ነው?»

«መለዋወጫ ነው። ላሳይዎ?» ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ፣ ሳይቸኩል፣ ከፈተው። ክፍሉ ባዶ ነበር። ወለሉ ላይ ገና ያልደረቀ ውኃ አለ፤ ጥግ ላይ የተነባበሩ የፕላስቲክ ወንበሮች ቆመዋል። መምህሩ ወንበሮቹን ተመለከተ፤ ለመለዋወጫ ክፍል በዝተዋል። ሻዩን ትቶ ወጣ። ፎርማኑ እስከ መንገዱ ሸኘው።

ከመንገድ ላይ ሆኖ ለልጁ ደጋግሞ ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ቤት ሲደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። በሩን ገፋው፤ ምንም አላለም። ባለቤቱ ጀርባዋን ሰጥታ ማድ ቤት ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች፤ ትከሻዋን እስኪነካት ድረስ መግባቱን አላወቀችም፤ ደንግጣ ካውያውን ልትጥል ምንም አልቀራት።

«መጣ?» አላት።

«ማን?»

«ዛሬ ከቤት ወጥተሻል?»

«የት እወጣለሁ? ይኸው ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ።»

ወደ ልጁ ክፍል ገባ። አልጋው ተነጥፏል። ጠዋት ወንበሩ ላይ የነበረው የጉዞ ቦርሳ የለም፤ ወፍራሙ ሹራብ የለም፤ ከአልጋው ሥር የነበሩት ቦት ጫማዎች የሉም። ልጁ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ተመልሶ፣ የመምህሩ ባለቤት ባለችበት ቤት ገብቶ፣ ዕቃውን አንሥቶ ወጥቷል። የሚያቃስት በር ቢኖር ኖሮ ዞር ብላ፣ «ምን ረሳህ?» ትለው ነበር። ባለቤቱ ከኋላው መጥታ ባዶውን ወንበር አየችና አፏን በእጇ ያዘች። መምህሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አልጋው እንኳ አልተንቋቋም።

«ለዚያች አማካሪ ደውልላት» አለች ባለቤቱ። «አሁን ደውል። መንገድ ላይ ይዘው ያስቀሩታል። ገና አልመሸም።»

ስልኩን አወጣ። ቢደውል የልጁን ስም ከነመልኩ መናገር አለበት፤ ስሙም ከጡሩምባ ስም አጠገብ ይቀመጣል፤ ነገ ግቢው ሁሉ የመምህሩ የእህት ልጅ ይላል፤ እህቱ አደራዬን ለፖሊስ ሰጠህብኝ ትለዋለች። ባይደውል ግን ሰኞ ገና አላለቀም። ቁጥሩን ፈልጎ አገኘው። ጣቱ ቁጥሩ ላይ እንዳለ ስልኩ በእጁ ውስጥ ጮኸ። የደወለችው እህቱ ነበረች።

«ምነው ዛሬ የልጄ ስልክ ዝግ ሆነብኝ?» አለች። «ጠዋት ደውሎልኝ ነበር እኮ። ስንት ጊዜ ሳያናግረኝ ከርሞ፣ ዛሬ እንደ ድሮው ሲያወራኝ፣ ስለ ጎረቤቱ ሁሉ ሲጠይቀኝ። ደስታዬን ብታየው! አቅርብልኝ እስቲ።»

ባለቤቱ ከበሩ ተደግፋ ታየዋለች። መምህሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ተኝቷል» አለ። «ትናንት ሲሠራ ውሎ ደክሞታል።»

«አትቀስቅሰው እንግዲያ። ይተኛ።»

«ነገ ይደውልልሻል።»

ስልኩን ዘጋው። ባለቤቱ መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች፤ ክፍሉ እስኪጨልም ድረስ ሁለቱም መብራት ለማብራት አልተነሡም። «እስከ ጠዋት እንጠብቅ» አለ በመጨረሻ። «ምናልባት ይመለሳል።»

በዚያው ምሽት ከድልድዩ ማዶ ያለው የአውቶቡስ ጣቢያ ተቃጠለ። ከሞቱት መካከል ልጁ አንዱ ነበር፤ ማንነቱ የታወቀው በሦስተኛው ቀን ነው። ጡሩምባ ተመርምሮ ነፃ ወጣ፤ ወደ ኮሌጁ ግን አልተመለሰም። ፎርማኑ ላይ ማስረጃ አልተገኘም። መምህሩ አሁንም ጠዋት ጠዋት ካቻቢቴውን ይዞ በማሽኖቹ ረድፍ ያልፋል፤ ስለ ኩሽኔታ የሚያስተምረውን ትምህርት ግን ለረዳቱ ሰጥቶታል። ባለቤቱ ከለቅሶው በኋላ ባሉት ቀናት በአንዱ የሳሎኑን በር ማጠፊያዎች በነጭ ጋዝ አጥባ ዘይቱን አወጣችው። በሩ አሁን ይጮኻል።